ማንም ሳይወድቅ የተገኘ ወርቅ

ጁዶ ሰው የሚጣልበት ስፖርት ነው። ቢያንስ የተነገረን እንደዚያ ነው። ጁላይ 29 ቀን 2024 ፓሪስ ላይ የተካሄደው የሴቶች 57 ኪሎ የኦሊምፒክ ፍጻሜ ግን አንድም ሰው ሳይጣል አለቀ። (እዚህ የምንጠራቸው ዘመናት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ኮሪያዊቷ ሁህ ሚሚና ካናዳዊቷ ክሪስታ ዴጉቺ መደበኛውን አራት ደቂቃ ተናነቁ፤ አልተሸናነፉም። ጭማሪው ሰዓት ተጀመረ፤ አሁንም አልተሸናነፉም። ጭማሪው ሁለት ደቂቃ ተኩል እንዳለፈ ፍልሚያው እንዲቆም ተደረገ፤ ሚሚ ሦስተኛ ቅጣቷን ተቀበለች። በቃ። ወርቁ ወደ ካናዳ፣ ብሩ ወደ ኮሪያ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ወሬው በሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ልጅቷ ተዘረፈች» ብሎ ጮኸ። ሌላው ወገን «ሕግ ሕግ ነው፣ አርፋችሁ ተቀመጡ» አለ። እኛ ከሁለቱም ጋር አንስማማም። ሚሚ አልተዘረፈችም። ሕጉ ግን መጥፎ ሕግ ነው። ሁለቱን ነገር ባንድ አፍ መናገር ለምን እንደሚከብድ አይገባንም። ምናልባት ብዙዎቻችን ስለ ሕግ የምናስበው ሕጉ የኛን ሰው ሲመታ ብቻ ስለሆነ ይሆናል።

እስቲ ከልጅቷ እንጀምር።

ሚሚ ማናት?

ስሟን ለሰማ የኛ ሰፈር ልጅ ትመስላለች። የተወለደችው ግን በዲሴምበር 2002 ቶኪዮ ውስጥ ነው። አባቷ ጃፓን ከሚኖሩት ኮሪያውያን ወገን ናቸው፤ እናቷ ጃፓናዊት። ጁዶን የተማረችው በጁዶ አገር ነው፤ በ2017 የመላው ጃፓን የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሻምፒዮን ሆነች። በዚያው ብትቀጥል ኖሮ የጃፓንን ማሊያ ለመልበስ ተራ ትጠብቅ ነበር። ተራው ደግሞ ረጅም ነው። ኦሊምፒክ በአንድ ክብደት ከአንድ አገር የሚቀበለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጃፓን ውስጥ ግን በያንዳንዱ ክብደት የዓለም ሜዳልያ ሊያመጡ የሚችሉ ብዙ ሴቶች አሉ።

መንገዷን የቀየሩት አያቷ ናቸው። በ2021 ሲያርፉ የልጅ ልጃቸው ለኮሪያ እንድትጫወት ተናዘዙ። ሚሚ ኑዛዜውን ፈጸመች። ወደ ኮሪያ ሄደች፤ በጁን 2022 ተብሊሲ ላይ በተካሄደው ግራንድ ስላም ኮሪያን ወክላ ወርቅ ወሰደች፤ በ2023 የጃፓን ዜግነቷን ተወች።

በሜይ 2024 አቡዳቢ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ዕድሜዋ 21 ዓመት ነበር። ይህ ለኮሪያ ምን ማለት እንደነበር ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። የሴቶች ጁዶ በ1988 የሴኡል ኦሊምፒክ ለናሙና ታይቶ በ1992 ባርሴሎና ላይ ሙሉ የሜዳልያ ውድድር ሲሆን፣ በ72 ኪሎ ወርቁን የወሰደችው ኮሪያዊቷ ኪም ሚ-ጁንግ ናት። ቾ ሚን-ሱን በ1993 እና በ1995 የዓለም ሻምፒዮን፣ በ1996 አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆነች፤ በ2000 ሲድኒ ላይ ደግሞ ነሐስ ጨመረች። ጁንግ ሱንግ-ሱክም በዚያው በ1995 የዓለም ወርቅ አገኘች። ከዚያ በኋላ ዝም! ከ1995 እስከ 2024 ድረስ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ አንዲት ደቡብ ኮሪያዊት ሴት የዓለም ጁዶ ሻምፒዮን አልሆነችም። የኦሊምፒኩ ወርቅ ደግሞ ከቾ ሚን-ሱን ወዲህ ፓሪስም አልፎ እስካሁን አልተመለሰም።

ያንን የሃያ ዘጠኝ ዓመት ዝምታ የሰበረችው ሚሚ ናት። ፓሪስ የገባችውም ይህን ሁሉ ተሸክማ ነው። በግማሽ ፍጻሜው የ2016 የሪዮ ሻምፒዮን የነበረችውን ብራዚላዊቷን ራፋኤላ ሲልቫን በጭማሪ ሰዓት ረታች። ፍጻሜ ላይ የጠበቀቻት ክሪስታ ዴጉቺ ናት።

ዴጉቺም ቀላል ሰው አይደለችም። በ2019 እና በ2023 የዓለም ሻምፒዮን ነበረች። የተወለደችው እሷም ጃፓን ውስጥ ነው፤ አባቷ ካናዳዊ፣ እናቷ ጃፓናዊት። ከ2017 ጀምሮ የምትጫወተው ለካናዳ ነው። ልብ በሉ፦ የኦሊምፒክ ፍጻሜ ላይ የቆሙት ሁለቱም ሴቶች ጃፓን ተወልደው ጃፓን ውስጥ የተገሩ ናቸው፤ ከሁለቱ ግን አንዷም ለጃፓን አልተጫወተችም።

የተረሳው ሜይ

አሁን ብዙዎች ሊሰሙት ወደማይፈልጉት ነገር እንምጣ።

ሚሚ በሜይ አቡዳቢ ላይ የዓለም ወርቅ ያገኘችው ማንን አሸንፋ ነው? ክሪስታ ዴጉቺን። መቼ? በጭማሪ ሰዓት። በምን? ዴጉቺ ሦስተኛ ቅጣት ስለተሰጣት!

አዎ። በሜይ ዴጉቺ በሦስተኛ ቅጣት ወጣች፣ ሚሚ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በጁላይ ሚሚ በሦስተኛ ቅጣት ወጣች፣ ዴጉቺ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆነች። ያው ሁለት ሴቶች፣ ያው ክብደት፣ ያው ሕግ፣ የሁለት ወር ልዩነት። የተቀየረው የተቀጪዋ ስም ብቻ ነው።

ታዲያ በሜይ ማን ጮኸ? በሜይ ጋዜጦቹ የጻፉት ስለ ታሪካዊው ድል ነው። «ይቺ ካናዳዊት ሳትጣል ወርቅ መነጠቋ ልክ ነው ወይ?» ብሎ የሴኡልን አደባባይ ያስጨነቀ ሰው አልሰማንም። በጁላይ ግን ሁሉም የሕግ ሊቅ ሆነ። ሕጉን የሚያውቀውም የማያውቀውም ስለ ዳኝነት ተነተነ።

ይህን የምንለው ኮሪያውያንን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። እኛስ ማን ነንና! ፓሪስ ላይ ያ ፍጻሜ በተካሄደ በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ኦገስት 11፣ የሴቶች ማራቶን ነበር። ሲፋን ሐሰን በ2፡22፡55 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሻሽላ ስታሸንፍ ትዕግሥት አሰፋ በሦስት ሰከንድ ተከትላት ገባች። ሁለቱም ኢትዮጵያ የተወለዱ ናቸው፤ አንዷ የሮጠችው ለኔዘርላንድስ ነው። ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ ተነካኩ፤ ኢትዮጵያ አቤቱታ አቀረበች፤ አቤቱታው ውድቅ ሆነ። ያን ቀን ስንቶቻችን ነን ስለ ሩጫ መስመርና ስለ ክርን ሕግ ስንከራከር ያመሸነው? እውነት እንነጋገር፦ ትዕግሥት ከፊት ሆና በዚያው ንክኪ ብታሸንፍና አቤት የምትለው ኔዘርላንድስ ብትሆን ኖሮ፣ ስንቶቻችን «ጉዳዩ ይጣራ» እንል ነበር? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የኛ ሰው ሲሸነፍ ብቻ የሚነቃ ፍትሕ፣ ፍትሕ ሳይሆን ድጋፍ ነው። ድጋፍ ነውር የለበትም፤ በስሙ እንጥራው ነው የምንለው።

ሌላም አለ። ሚሚ ኮሪያ ከገባች በኋላ የጃፓንን ቅኝ አገዛዝ ተቃውሞ የታሰረ ሁህ ሶክ የሚባል የነጻነት ታጋይ አምስተኛ ትውልድ መሆኗ ታወቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ሲጠራ የታጋዩ ስም አብሮ መጠራቱ አልቀረም። ከፓሪስ ስትመለስም በኦገስት ዴጉ ውስጥ ጉንዊ ወደሚገኘው መታሰቢያው ሄዳ ሜዳልያዋን አኖረችለት። መልካም ነው፤ የሚያስለቅስም ነው። ችግሩ ግን የልጅቷ ጁዶ በአያቶቿ ታሪክ ሥር መቀበሩ ነው። ስለ ደሟ ብዙ የጻፈ ሰው ስለ ትከሻ ውርወራዋ አንድ አንቀጽ አልጻፈም። የተበደለችው ጁዶ ውስጥ ከሆነ ክርክሩም መሆን ያለበት ስለ ጁዶ ነው። ስለዚህ ወደዚያው እንግባ።

ሺዶ ምንድን ነው?

በጁዶ ቅጣት ሺዶ ይባላል። ባላጋራህን ሳታጠቃ ዝም ብለህ ከቆምክ ሺዶ ነው። ከምንጣፉ ክልል ውጭ ከረገጥክ ሺዶ። አያያዝህ ያልተፈቀደ ከሆነ ሺዶ። የምታጠቃ መስለህ ሳታጠቃ ከወደቅክም ሺዶ፤ ይህ የመጨረሻው «የውሸት ጥቃት» ይባላል። ሦስት ሺዶ የተሰበሰበበት ሰው ከጨዋታው ይባረራል፣ ባላጋራው ያሸንፋል። እስከ 2016 ድረስ የሚያስባርረው አራተኛው ነበር፤ ከ2017 ጀምሮ ሦስተኛው ሆነ።

ጎልደን ስኮር የሚባለው ጭማሪ ሰዓት ደግሞ ገደብ የለውም። የሚያበቃው ወይ አንዱ ነጥብ ሲያገኝ፣ ወይ አንዱ ሦስተኛ ሺዶ ሲሞላበት ነው። በመደበኛው ሰዓት የተሰበሰበው ሺዶም ወደ ጭማሪው አብሮ ይገባል። ፓሪስ ላይ ሁለቱም በየበኩላቸው ሁለት ሁለት ሺዶ ላይ ቆመው ነበር። አንዲት ቅጣት ስትቀር ማንኛዋም ልትባረር ትችል ነበር። ያቺ አንዲት ቅጣት «የውሸት ጥቃት» ተብላ ሚሚ ላይ አረፈች።

እዚህ ላይ ነው ሕጉ የሚያነክሰው።

የሚሚ መሣሪያ የትከሻ ውርወራ ነው። የባላጋራዋን ክንድ ይዛ፣ እንደ መብረቅ ዞራ፣ ከሥሯ ገብታ፣ በጀርባዋ ተሸክማ ትጥላለች። በቀኝም በግራም ታደርገዋለች፤ የሚያስፈራትም ይኸው ነው። ከሰው ሥር ለመግባት ግን ዝቅ ማለት ግድ ነው። ሲሳካ ባላጋራዋ በአየር ላይ ትገለበጣለች፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ሲከሽፍስ? ጉልበቷ ላይ ተንበርክካ ትቀራለች፣ ባላጋራዋ ቆማ።

እንግዲህ ዳኛው በዚያች ቅጽበት መወሰን ያለበት ይህን ነው፦ ይቺ የተንበረከከች ልጅ ለመጣል ሞክራ ያቃታት ናት ወይስ ሳትሞክር የወደቀች? ከውጭ ሲታይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነቱ ያለው ልቧ ውስጥ ነው። እግር ከምንጣፍ ሲወጣ ዐይን ያየዋል፤ የተከለከለ አያያዝም ይታያል። ሐሳብን ግን ማን ያየዋል? ልብና ኩላሊትን የሚመረምር እግዚአብሔር ብቻ ነው ተብሎ የተማርነው ለከንቱ አልነበረም።

የዚያን ቀን የኮሪያ ሴቶች ቡድን አሰልጣኝ የነበረችው ያቺው የባርሴሎናዋ ኪም ሚ-ጁንግ ናት፤ በውሳኔው አልተስማማችም። የአሰልጣኝ ነገር ነው፣ ለልጇ ትቆማለች እንበል። ዴጉቺስ? አሸናፊዋ ራሷ፣ ለአገሯ በጁዶ ታሪክ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አንጠልጥላ፣ ጁዶ የተሻለ እንዲሆን መለወጥ ያለበት ነገር አለ ብላ ለጋዜጠኞች ተናገረች። ወርቁን የወሰደችው ናት ይህን ያለችው! ለሕጉ ጥብቅና የሚቆሙ ወዳጆቻችን ይህን እንዴት እንደሚያልፉት ብናውቅ ደስ ይለናል።

«ቅጣት ባይኖርስ?»

ተቃዋሚዎቻችን ባዶ እጃቸውን እንዳልሆኑ እናውቃለን። ክርክራቸው እንዲህ ነው፦ ቅጣት ባይኖር ማንም አይጣላም፤ አንዱ ትንሽ ነጥብ ይዞ ሲሸሽ ይውላል፣ ሌላው ኮሌታ ሲጎትት ይመሻል። ቅጣቱ ነው ሰዎቹን የሚያፋልማቸው።

እውነት አለው። ቅጣት ይቅር አላልንም። ግን ታሪኩን እንየው። በ2016 ሪዮ ላይ ከ100 ኪሎ በላይ በተካሄደው የወንዶች ፍጻሜ ፈረንሳዊው ቴዲ ሪነር ጃፓናዊውን ሂሳዮሺ ሃራሳዋን ያሸነፈው እንዴት ነበር? በሺዶ ብልጫ ነው። ሃራሳዋ ሁለት፣ ሪነር አንድ። የጣለም የወደቀም የለም። በወቅቱ ለተመልካቹ የቀረበለት ይህ ነበር። ታላቁ ሪነር እንኳ አንድ ቅጣት አንሶት ኦሊምፒክ ማሸነፍ ይችል ነበር፤ ምክንያቱም ሕጉ ይፈቅድለታል።

ዓለም አቀፉ የጁዶ ፌዴሬሽን ይህን አይቶ ሕጉን ለወጠ። በአንድ ሺዶ ብልጫ ብቻ ማሸነፍ ቀረ። ለዚህ ምስጋና ይገባዋል፤ የሚገባውን አንነፍገውም። ነገር ግን በሩን ዘግቶ መስኮቱን ከፍቶ ተወው። የሺዶ ብልጫ ቀረ፣ ሦስተኛው ሺዶ ተተካ። ከሪዮ ስምንት ዓመት በኋላ የኦሊምፒክ ፍጻሜ እንደገና ማንም ሳይወድቅ አለቀ። ስሙ ተቀየረ እንጂ በሽታው ያው ነው።

ጅራፍ ሌላ ነው፣ ሰይፍ ሌላ ነው። ጅራፍ በሬውን ያስኬደዋል፤ በጅራፍ ፈንታ ሰይፍ የያዘ ገበሬ ግን አያርስም፣ ያርዳል። ሺዶ የተፈጠረው ተጫዋቹን ወደ ፍልሚያ ለመንዳት ነው። ፍልሚያውን ለመጨረስ ሲውል ደግሞ ዓላማውን ይገለብጠዋል። ሁለት ሺዶ የተሸከመች ተጫዋች ዋና ሐሳቧ «እንዴት ልጣላት» መሆኑ ይቀርና «እንዴት ሦስተኛውን ላስቆጥርባት» ይሆናል። ስለዚህ ትገፋለች፣ ኮሌታ ትነጥቃለች፣ ባላጋራዋን ወደ ጠርዝ ትነዳለች፣ ዳኛውን ታያለች። ልብ አድርጉ፦ ዳኛውን ታያለች! ቶኪዮ ውስጥ በ1882 ኮዶካንን ያቋቋሙት ጂጎሮ ካኖ ለዓለም የሰጡት ባላጋራን የማየት ጥበብ ነበር፤ ዳኛን የማየት ጥበብ አልነበረም።

እኛ የምንለው

መተቸት ቀላል ነው፤ ምን ይሁን ትላላችሁ ብትሉን ሁለት ነገር እንላለን።

አንደኛ፤ ጭማሪው ሰዓት ሲጀመር የሺዶው ቆጠራ ከዜሮ ይጀምር። በመደበኛው ሰዓት የተሰጠው ቅጣት በመደበኛው ሰዓት ሥራውን ሠርቷል። አራቱን ደቂቃ እኩል ጨርሰው ለወጡ ሁለት ሰዎች አዲስ ፍልሚያ ነው የተሰጣቸው፤ አዲስ ፍልሚያ በአሮጌ ዕዳ አይጀመርም።

ሁለተኛ፤ በዐይን የሚታይ ጥፋትና በግምት የሚፈረድ ጥፋት ይለያዩ። ከምንጣፍ የወጣች እግር ሦስተኛ ሺዶ ብታመጣ ቢያንስ የሚታይ ነገር አለ። «የውሸት ጥቃት» ግን የሐሳብ ክስ ነው። በሐሳብ ክስ ሺዶ ይሰጥ፤ ሰው ግን አይባረርበት። የአራት ዓመት ልፋት ዳኛው በአንድ ሰከንድ በገመተው ነገር አይዘጋ።

«ታዲያ ጭማሪው እስከ ሌሊት ሊቀጥል ነው?» የሚል አይጠፋም። ይቀጥል! የደከመ ይወድቃል። ጁዶ ማለትም ይኸው ነው።

እንዲህ ማለታችን ቅዠት አይደለም፤ የጁዶ ሕግ ከሲና ተራራ አልወረደም። በ2017 ዩኮ የሚባለውን ትንሹን ነጥብ ሰረዙት፤ በ2025 መልሰው አመጡት። ይህን መልካም እርምጃ እንለዋለን፤ ትንሽ ነጥብ ካለ ትንሽ ውርወራም ዋጋ ያገኛል፣ ወደ ቅጣት የሚሄደው ፍልሚያም ያንሳል። የሰረዙትን መመለስ የቻሉ ሰዎች የሦስተኛውን ሺዶ ነገር ማረምም አያቅታቸውም። ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ወንዝ ሲጎድል ተሻገር ይላል ያገራችን ሰው። ሕጉ በሚከለስበት ዘመን ነው መናገር።

ተናጋሪው ግን ማን ይሁን? እንደኛ ሐሳብ ከዚህ ሁሉ ጯሂ ይልቅ ሊሰሙ የሚገባቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ በሕጉ አንድ አንድ ጊዜ ያሸነፉትና አንድ አንድ ጊዜ የተሸነፉት። አንዷ በወርቋ ላይ ቆማ ለውጥ ያስፈልጋል አለች። ሌላዋ፣ ሚሚ፣ በዚያ ምሽት ዳኝነቱም የጨዋታው አካል ነው፣ ለሚቀጥለው አስቤበት እጫወታለሁ ብላ ሄደች። የቆጫት ሌላ ነገር ነበር። የኮሪያን ብሔራዊ መዝሙር በቃሏ አጥንታ መድረክ ላይ ልትዘምረው ተዘጋጅታ ነበር፤ ብር ላገኘ ግን መዝሙር አይዘመርም።

ከአምስት ቀን በኋላ በድብልቅ የቡድን ውድድር ከጓደኞቿ ጋር ነሐስ ይዛ ወጣች። በ2025 ደግሞ ጀርመን ውስጥ በተካሄደው የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ ወርቅ አገኘች። በዚያው ዓመት የቡድን ጓደኛዋ ኪም ሃ-ዩን ቡዳፔስት ላይ በከባዱ ክብደት የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። የተሰበረው ዝምታ ተሰብሮ ቀረ ማለት ነው። ቀጣዩ ኦሊምፒክ በ2028 ሎስ አንጀለስ ነው።

እዚያ ሚሚ ታሸንፍ ወይም ትሸነፍ፤ እሱ የእሷና የባላጋራዋ ጉዳይ ነው። እኛ የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ፍጻሜው ሲያልቅ ከሁለቱ አንዷ ጀርባዋ ምንጣፍ ላይ ይሁን። ያን ጊዜ ማንም ሰው፣ ሴኡልም ይሁን ሞንትሪያል፣ ስለ ዳኛ የሚያወራው አይኖረውም።